የፍሬን ሸራ ማለቁን እጅ አይነግረንም

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የዕረፍት ቀናቸውን በተራራ ብስክሌት ላይ የሚያሳልፉ የከተማችን ነዋሪዎች አሉ፡፡ ዳገቱን ለመውጣት ጉልበት፣ ቁልቁለቱን ለመውረድ ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋል፡፡ ስለ ጉልበቱ ሁሉም ያስባል፤ ፍሬኑ የሚታወሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ያለ ዕለት ነው፡፡

የዲስክ ፍሬን አሠራር ውስብስብ አይደለም፡፡ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ስስ የብረት ዲስክ አለ፡፡ እጀታው ሲጨበጥ በካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ ገፍተው ዲስኩን ያጣብቁታል፡፡ ፍጥነቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፡፡ ሰውና ብስክሌት ተደምረው 90 ኪሎ ቢመዝኑና የ500 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 440 ኪሎ ጁል ይጠጋል፡፡ ይህም አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል፡፡ ከፊሉን ነፋሱና መንገዱ ቢቀበሉትም፣ ቀሪውን የሚሸከሙት ከአውራ ጣት ብዙም የማይሰፉት ሸራዎችና ዲስኮቹ ናቸው፡፡

በዘይት የሚሠራው ፍሬን አንድ አሳሳች ጠባይ አለው፡፡ ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኖቹ በራሳቸው ወደ ዲስኩ እየተጠጉ ክፍተቱን ያካክሳሉ፡፡ በመሆኑም ሸራው እያለቀ እጀታው እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፡፡ በካቦ የሚሠራው የዲስክ ፍሬን በአንጻሩ እጀታው እየላላ ስለሚሄድ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፡፡ ጩኸትም ቢሆን አስተማማኝ ምስክር አይደለም፡፡ ውኃ ወይም ዘይት የነካው አዲስ ሸራ ይጮሃል፤ ያለቀው ደግሞ ብረት ከብረት እስኪፋቅ ድረስ ዝም ሊል ይችላል፡፡ ስለዚህ አውጥቶ ማየት ግድ ነው፡፡

ሸራው የጀርባ ብረትና በላዩ የተለጠፈ መፋተጊያ አለው፡፡ ሺማኖ መፋተጊያው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንዲቀየር ያዛል፡፡ ዲስኩም ያልቃል፤ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የዚሁ አምራች ዲስክ 1.5 ሲደርስ መለወጥ አለበት፡፡

ሸራ ሲገዛ አሮጌውን ለናሙና ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ቅርጹ ከፍሬን ፍሬን ይለያያልና፡፡ ሬዚን የሚባለው ለስላሳ ሸራ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ በክረምት ጭቃ ግን ቶሎ ያልቃል፡፡ ከብረት ብናኝ የተሠራው ጭቃንና ሙቀትን የተሻለ ይችላል፤ ይሁንና ዲስክን ያሳሳል፡፡ አንዳንድ ዲስኮች ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ እንደሚያገለግሉ ተጽፎባቸዋል፤ ይህን ሳያነቡ መግዛት አይገባም፡፡

አቀያየሩ እንዲህ ነው፡፡ መጀመሪያ ጎማው ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን መጨበጥ ክልክል ነው፣ ፒስተኖቹ ከልክ በላይ ይወጣሉና፡፡ መቆለፊያው ሽቦ ተነቅሎ ዘንጉ ሲፈታ አሮጌዎቹ ሸራዎች ከነሞላቸው ይወጣሉ፡፡ የፒስተኖቹ ዙሪያ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፡፡ ቀጥሎ ፒስተኖቹ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቀስ ተብለው ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ በካቻቢቴ መግፋት ሊሰነጥቃቸው ይችላል፡፡ አዲሶቹ ሸራዎች ሞላው በመካከላቸው ሆኖ ይገባሉ፣ ዘንጉና መቆለፊያው ይመለሳሉ፣ ጎማው ይታሰራል፡፡ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግሞ ይጨበጣል፡፡ ዲስኩ ሸራውን የሚነካ ከሆነ የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርጎ፣ እጀታውን ጨብጦ ይዞ መልሶ ማጥበቅ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል፡፡

የሸራ ዋነኛ ጠላት ዘይት ነው፡፡ የመፋተጊያውንም ሆነ የዲስኩን ገጽ በጣት መንካት አያስፈልግም፡፡ ሰንሰለት ሲቀባ ዲስኩን መሸፈን ተገቢ ነው፡፡ ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግም የቀድሞ ኃይሉ መመለሱ አጠራጣሪ ስለሆነ መቀየሩ ይሻላል፡፡ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይትም ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ሺማኖና ማጉራ ሚነራል ኦይል ይጠቀማሉ፡፡ ለመኪና የሚሸጠው ዶት የተባለው የፍሬን ዘይት በእነዚህ ውስጥ ቢገባ ማሸጊያ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል፡፡

አዲስ ሸራ ተገጠመ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፡፡ ሜዳማና ጭር ባለ መንገድ፣ በመጠነኛ ፍጥነት ወደ 20 ጊዜ፣ ከዚያም ፈጠን ብሎ ወደ 10 ጊዜ ያህል፣ ጎማው ሳይቆለፍና ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ፍሬን እየያዙ ማለማመድ ያስፈልጋል፡፡ በዚህ ጊዜ የመፋተጊያው ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ እኩል ይለጠፋል፡፡ ይህ ሳይደረግ ቁልቁለት መግባት በግማሽ ፍሬን መውረድ ነው፡፡

ጉዳዩ የብስክሌተኛው ብቻ አይደለም፡፡ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ያለው መንገድ የእግረኛውም፣ የተማሪውም፣ የአሮጊቷም ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 2029 ደግሞ ጥፋት በቸልተኝነትም፣ ማድረግ የሚገባን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ይደነግጋል፡፡ ፍሬኑን ለወራት ሳያይ ለሚወርድ ሰው «እጀታው ደህና ነበር» የሚለው መልስ ደካማ መከላከያ ነው፡፡ በበጋ በወር አንዴ፣ በክረምት ከእያንዳንዱ የጭቃ ጉዞ በኋላ ሸራውን አጎንብሶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፡፡