የጎልደን ጌት ድልድይ አጥር፤ የአንድ ተራ ዕቃ ታሪክ

ድልድይ የሚያጠና ባለሙያ ዘወትር ዓይኑን የሚጥለው በማማዎቹ፣ በዋናዎቹ ገመዶችና በመሠረቱ ላይ ነው። በእግረኛው መተላለፊያ ጠርዝ የሚቆመው አጥር በሥራ ዝርዝሩ መጨረሻ ገደማ የሚገኝ፣ በሜትር ተለክቶ የሚከፈልበት ተራ ዕቃ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ መግቢያ ላይ የተዘረጋው የጎልደን ጌት ድልድይ አጥር ግን አያሌ ዓመታት ያከራከረና ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ያስከፈለ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ድልድዩ ለትራፊክ የተከፈተው በግንቦት ወር 1937 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ሲሆን፣ በጊዜው ገንዘብ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው 1,280 ሜትር ርቀት እስከ 1964 ድረስ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። የሥነ ሕንፃው ኃላፊ ኢርቪንግ ሞሮ በጠርዙ ላይ ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ጌጡን ቀነሰ፤ ቋሚ ብረቶቹንም አንድ ዓይነት አድርጎ በመኪና የሚያልፈው ሰው ባሕሩንና ከተማውን ያለ ከልካይ እንዲያይ በመካከላቸው በቂ ክፍተት ተወ። ከፍታው 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰ ብረት ወስዶ ከዚህ የበለጠ አድማስ የሚሰጥ አጥር ማሰብ አስቸጋሪ ነው።

ይህ አጥር ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለነፋስም የሚስማማ ነበር። ዓይን የሚያልፍበት ክፍተት ነፋስንም ያሳልፋልና። የዚህን ትርጉም መሐንዲሶች በሚገባ የተረዱት በኅዳር 1940 የታኮማ ናሮውስ ድልድይ በመጠነኛ ነፋስ ተወዛውዞ በፈረሰ ጊዜ ነው። የዚያ ድልድይ ጎኖች ክፍተት በሌለው፣ 2.4 ሜትር ከፍታ ባለው ድፍን ብረት የተሠሩ ነበሩ። የታኮማው ነዳፊ ሊዮን ሞይሴፍ በጎልደን ጌት ሥራ ከአማካሪዎቹ አንዱ እንደነበረ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ጎልደን ጌት በክፍት ትረስ የተደገፈ ቢሆንም ከነፋስ ችግር ፈጽሞ ነጻ አልሆነም። በታኅሣሥ 1951 በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ስላወዛወዘው ለጥቂት ሰዓታት ተዘጋ፤ ከዚህም የተነሣ በ1954 ከመንገዱ ሥር የጎን ማጠንከሪያ ተጨመረለት። ከዚያ ወዲህ በጠርዙ ላይ አንዲት ዘንግ ለመጨመር ያሰበ ሁሉ በቅድሚያ ከነፋሱ ጋር መተሳሰብ ነበረበት።

ታዲያ ዓይንና ነፋስ በአንድ ወገን ሲሰለፉ የሰው ደኅንነት በሌላው ወገን ብቻውን ቀረ። ወደ ቁመተ ሰው ደረት የማይደርሰው አጥር ተስፋ የቆረጠን ሰው አያግድም። ድልድዩ ከተከፈተበት ዓመት ጀምሮ ከ1,700 በላይ ሰዎች በዚያ ራሳቸውን እንዳጠፉ ይታወቃል። አጥሩ ከፍ እንዲል በየጊዜው ሐሳብ ሲቀርብ፣ መልሱም ሳይለዋወጥ ሦስት ነገሮችን ይጠቅስ ነበር፤ ወጪው ይከብዳል፣ ነፋሱ አይፈቅድም፣ ውበቱ ይበላሻል። ሦስቱም እውነትነት ነበራቸው። ይሁን እንጂ የነፋሱ ጥያቄ በስሌትና በሙከራ መልስ የሚያገኝ ሲሆን፣ የውበቱ ጥያቄ ግን በማን ሚዛን እንደሚመዘን የሚናገር ሰነድ አልነበረም።

የነፋሱ መልስ የተገኘው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያ የድልድዩ ምሳሌ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ተፈተሸ፤ ቀጥሎም አምስት አማራጮች ለሕዝብ ቀረቡ። አራቱ ነባሩን አጥር ከፍ የሚያደርጉ ወይም በ3 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ አዲስ አጥር የሚተኩ ነበሩ፤ ዘንጎቹም በአንዳንዱ ቋሚ፣ በአንዳንዱ አግድም ሆነው ተነደፉ። አምስተኛው አጥሩን እንዳለ ትቶ ከበታቹ መረብ መዘርጋት ነበር። የድልድዩ ቦርድ በጥቅምት 2008 መረቡን መረጠ። አድማሱን የሚያየው መንገደኛ ዓይኑን ወደ ሩቅ ስለሚጥል፣ ከእግሩ በታች ያለ ነገር እይታውን አይጋርድበትም። ቦርዱ እይታውንም ሰውንም ሊያድን ፈለገ ማለት ነው፤ በዚህም ሊመሰገን ይገባል፤ ምንም እንኳ የዘገየ ቢሆን።

ምርጫው ግን ርካሽ አልነበረም። በመጀመሪያ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ሥራ በ2014 ገንዘብ ሲመደብለት 76 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ግንባታው በ2018 ተጀምሮ በጥር 2024 ሲጠናቀቅ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን አልፏል። አስተዋይ አንባቢ የ1937ን ዶላር ከዛሬው ጋር በቀጥታ እንደማያወዳድር ግልጽ ነው። ቢሆንም በንድፍ ጊዜ ጥቂት ተጨማሪ ብረት ሊጠይቅ ይችል የነበረ ጉዳይ፣ የትራፊክ እንቅስቃሴ በማያቋርጥበት፣ ከውኃው በላይ 67 ሜትር ከፍታ ባለው ሥራ ላይ ሲጨመር ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በዚሁ ዘመን በምዕራብ በኩል ያለው አጥር ራሱ ተለወጠ። ድልድዩ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲቋቋም ሲባል የቀድሞዎቹ ሰፋፊ ብረቶች በይበልጥ ስስ በሆኑ ተተኩ። ነፋሱም አለፈ፤ እያለፈ ግን ያፏጭ ጀመር። በሰኔ 2020 ከድልድዩ የተነሣው ጉምጉምታ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙ ሰፈሮች ስለተሰማ ነዋሪው ተማረረ። በመሞከሪያ ዋሻ የተመሰከረለት ስስ ብረት ነዳፊዎቹን የዋሽንትን ሥራ አስተማራቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒቱም ብረቶቹን የሚይዙና ንዝረታቸውን የሚያበርዱ፣ ላስቲክ ያለባቸው ትንንሽ መያዣዎች ሆኑ።

መረቡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ ከእግረኛው መተላለፊያ 6 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደ ባሕሩ 6 ሜትር ያህል ይወጣል። ከመሠራቱ በፊት በዓመት በአማካይ 30 ገደማ የነበረው የሟቾች ቁጥር፣ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2024፣ ወደ 8 ወረደ። በላይ ያለው አጥር ዛሬም 1.2 ሜትር ነው።