ተያዡ ማን ነው?

አዲስ አበባ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ተያዥ አላት ወይ?» ብሎ ነው። አየር ጤናም ሆነ ኮልፌ አጠና ተራ ልማዱ ያው ነው። ተያዡ ልጅቷን የሚያውቅ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ ይጠየቃል፤ ደመወዟን ብትከለከል ደግሞ አንዳንዴ የሚጮኽላት እርሱ ነው።

ከዚያው ሰፈር ተነሥታ ቤሩት ወይም ሪያድ የገባች ልጅ ግን ዋሷ ቀጣሪዋ ራሱ ሆኖ ታገኘዋለች። ዐረቦች «ከፊል» ይሉታል (የእኛው «ጎደሎ» እንዳይመስላችሁ)። የመኖሪያ ፈቃዷ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ቤቱን ጥላ የወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ትሆናለች።

ይህን ሥርዓት ብዙ ሰው የበረሃ ዘላኖች ጥንታዊ ባህል አድርጎ ያየዋል። አንዳንድ የታሪክ ጥናት ግን ወደ 1920ዎቹ ባሕሬን ይመራናል። እዚያ ሥልጣን የያዙት እንግሊዞች፣ ዕንቁ ለመልቀም ከውጭ የሚመጡትን ጠላቂዎች በርካሽ ለመቆጣጠር ሲሉ ኃላፊነቱን በጀልባው አለቃ ጫንቃ ላይ ጣሉት። በነዳጁ ዘመን የጀልባውን አለቃ ቦታ ተራው ዜጋ ያዘው።

ለውጥ የሚያቅተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንግሥት የስደተኛውን ቁጥጥር ለዜጋው አከፋፍሏል፤ ዜጋው ደግሞ ሠራተኛዋን የሚያስመጣው ለኤጀንሲ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ነው። በነጋታው ትታው የመሄድ መብት ቢሰጣት «ገንዘቤ ባከነ» ይላል። ባሕሬን እ.ኤ.አ. በ2009 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ ፈቀደች፤ በ2011 ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ይቆይ አለች። የቤት ሠራተኞች ከመነሻውም አልተካተቱበትም። በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ ማሻሻያም የዘለለው እነርሱኑ ነው።

የሊባኖሱ ይባስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛዋ ቀጣሪዋን መልቀቅ የምትችልበት አዲስ ውል ወጣ፤ የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰና በወሩ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት፣ ኢኮኖሚው ሲወድቅ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ቀጣሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከቤሩት ቆንስላችን ደጃፍ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄደዋል። ዋስ ማለት እንግዲህ ይኸ ነው!

የእኛ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን አገደ፤ በተከታዩ ወር ሳዑዲ ማባረር ጀመረች፤ ከ160 ሺህ የሚበልጥ ሰውም ተመለሰ። እገዳው ሕጋዊውን በር ዘጋ እንጂ የየመንን መንገድ አልዘጋም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲዎች የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙ አዘዘ። እዚህ ያለው ኤጀንት ተያዘ፤ እዚያ ያለውን ከፊል ግን የአዲስ አበባ አዋጅ አይደርስበትም።