ከሳራቶቭ የመጡ ቫልቮች

መድረክ በወጣሁባቸው ዓመታት ከጊታሬ ይልቅ የምሳሳለት አንድ የጫማ ካርቶን ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለሉ መለዋወጫ ቫልቮችና ጥቂት ፊውዞች የያዘ። የባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ድምፁ የሚያምረው ሲግል ነው፤ የሚያረጀውም ሲግል ነው። የኃይል ቫልቮቹ አቻ ጥንድ ካልሆኑ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከምና እንደ ፍም ይቀላል፤ ከዚያ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ዳንሰኛው ያፏጫል።

ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1962 ምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በሚገኘው ሱቁ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ሲያሠራ (የአሜሪካኑን ፌንደር ቤዝማን ተመልክቶ ነው) ቫልቭ ብርቅ አልነበረም፤ ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም በእርሱ ይሠራ ነበር። ትራንዚስተር ሲመጣ ግን የምዕራቡ የቫልቭ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሶቪየቶች አልዘጉም፤ ጦራቸው ቫልቭ ይፈልግ ነበርና። የሮክን ሙዚቃ በክፉ ዓይን ያይ የነበረ መንግሥት የሮክን ነፍስ በፋብሪካው አቆየላት! በኋላ ማይክ ማቲውስ የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ የሩሲያ ቫልቮችን ለጊታር ተጫዋቾች ይሸጥ ጀመር፤ ቆይቶም የሳራቶቩን ፋብሪካ ገዛው።

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሩሲያ በወጪ ዕቃዎች ላይ ዕገዳ ጣለች፤ ለጊዜው ከሳራቶቭ ቫልቭ መውጣቱ ቀረ። ያን ሰሞን ካርቶኔን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ቆጠርኩ። የሳራቶቭ ሦስት አሉኝ፤ አንዱ ጥንድ የለውም።