ቁልፍ የያዘው ሰው ደመወዝ

በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዞ የሚሄድ ዘመድ ሁሌም አለ። ስለ ታሳሪው ብዙ ይባላል። ስለ ጠባቂውስ? ወር አልፎ ደመወዙ ካልመጣ አቤት የሚለው ለማን ነው?

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ ቁራኛ የምንለው ይህ ነው። ጠባቂው ራሱ ከሳሹ ስለሆነ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። የመንግሥት ወታደርም የሚኖረው በማደሪያ መሬት ነበር፤ ሸክሙን የሚችለው ገበሬው ነው። በኋላ ዐዋጅ ቁጥር 45/1936 ወህኒ ቤቶችን በሕግ ሥር አስገባ። ማደሪያውም በ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ አከተመ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂው ያለው ደመወዙ ብቻ ነው።

መሣሪያ የያዘ ሰው አቤቱታ ሲናቅ ምን እንደሚከተል አይተናል። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ በምግብና በውኃ የተጀመረው የወታደር እሮሮ በሌሎች ጦር ሰፈሮች የደመወዝ ጥያቄ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዘውዱ ወደቀ።

በቅርብ ዓመታት በወላይታና በሐዲያ መምህራን ያለ ደመወዝ ወራት ገፍተዋል። መምህር ቢያንስ ክፍሉን ዘግቶ ይወጣል። ጠባቂ ግን በሩን ጥሎ መሄድ አይችልም። «በጀት የለም» ሲባል ልጆቹን የሚያበላው ከምን ነው? ዓይኑ የሚያርፈው ከሳሪስ በመጣው ስንቅ ላይ ነው። መንግሥት ያልከፈለውን ደመወዝ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው የታሳሪው እናት ናት።

ሕዝባችን ደመወዝን «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይፈታዋል። የሰው ደምና ወዝ በዱቤ አይያዝም።