«አሳድሩኝ» የማይባልበት ጫካ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከመርሐ ቤቴ ሊጠይቁን የመጡትን አጎቴን ይዘን ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን፤ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን። አስፋልቱ አልቆ በጠጠሩ መንገድ ጥቂት እንደወጣን መኪናውን ዳር አስይዘን ድንኳን ማውረድ ጀመርን። እሳቸው ግን ከመኪናው አልወረዱም። «ባለቤቱን አስፈቅዳችኋል?» አሉ። ባለቤቱ መንግሥት ነው አልናቸው። ይኼ ይበልጥ አሳሰባቸው። በሳቸው አገር የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «አሳድሩኝ» ይላል፤ የመንግሥት ደን ከሆነ ደግሞ ዘበኛው ሳያይ ማለፍ ነው። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳይከፍሉ፣ በመንግሥት ተራራ ላይ ተንደላቆ ማደር አልዋጥላቸው አለ።

ከዚያ በኋላ እኔም ሕጉን ፈለግሁት። «ማንም ሰው በብሔራዊ ደን በነፃ የማደር መብት አለው» የሚል አንቀጽ አላገኘሁም። ያገኘሁት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ክልከላ ነው። ነፃው አዳር በክልከላዎቹ መሐል ሳይነካ የተረፈው ቦታ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት መሬቱን ለማደል ይጣደፍ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1862ቱ የሰፋሪዎች ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር ይሰጣል፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይዘላል። ነገሩ የተገለበጠው በ1891 ነው። በዚያ ዓመት በወጣ የመሬት ሕግ መጨረሻ ገደማ የተሰካች አንዲት አንቀጽ ፕሬዚዳንቱ ደን እንዲከልል ሥልጣን ሰጠችው። ቤንጃሚን ሃሪሰንም ብዙ ሳይቆዩ ከየሎስቶን ፓርክ ጎን ያለውን ደን፣ አስከትለውም ኮሎራዶ ውስጥ ዋይት ሪቨር የተባለውን አምባ ከለሉ። አምባው ሰው አልባ ሆኖ የኖረ አልነበረም። የዩት ሕዝብ ከዚያ አካባቢ ተገፍቶ ወደ ዩታ ከወጣ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «ነፃ» ስንል የምናወራው ስለ ኪሳችን ብቻ ነው።

በ1897 የወጣው ሕግ ደኖቹ የሚከለሉበትን ምክንያት ሲዘረዝር ውሃና ጣውላ አለ። ስለ ሽርሽር አልተነፈሰም። በ1905 ደኖቹ ከአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ተዛወሩና ጊፎርድ ፒንሾ የአዲሱ የደን አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ብዙዎቻችን ብሔራዊ ፓርክና ብሔራዊ ደን አንድ ይመስሉናል፤ ልዩነቱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ፓርክ እንዲታይ የሚጠበቅ ነው፤ ደን ግን የሥራ ቦታ ነበር። በግ ነጂው፣ እንጨት ቆራጩ፣ ወርቅ ፈላጊው የመሸበት ቦታ ያድራል። ድንኳን ይዞ የመጣ ከተሜ ከነሱ እንደ አንዱ ተቆጠረ፤ ለብቻው የሚከለክለው ሰው አልነበረም።

እኛ የቆምንበት የቨርጂኒያ ተራራ ታሪክ ይለያል። በምሥራቁ ክፍል የሚከለል የመንግሥት መሬት እምብዛም ስላልነበረ በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ መሬት ከባለይዞታዎች እንዲገዛ ፈቀደ። የተገዛውም አብዛኛው የተመነጠረና የታጠበ ተራራ ነበር። ለብረት ማቅለጫ እቶኖች ከሰል ሲባል ብዙ ዛፍ ወድቋል፤ ከነዚያ እቶኖች አንዱ ኤሊዛቤት ፈርነስ ዛሬ የካምፕ ቦታ ስም ነው። በ1918 ሸናንዶአ ብሔራዊ ደን የተባለው በ1932 የዛሬውን ስሙን ያዘ። አሁን የምናየው ለምለም ጫካ ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው።

በነዚያው ዓመታት ግን መኪና መጣ፤ ችግሩም አብሮ መጣ። ፎርድ ርካሽ መኪና ማምረት ከጀመረ በኋላ ሕዝቡ በቅዳሜና እሁድ ወደ ደን ጎረፈ። እንዳሻው ገባ፣ እንዳሻው አነደደ፣ ቆሻሻውን ምንጭ ዳር ጥሎ ሄደ። በ1916 የደን አገልግሎት ኦሪገን ውስጥ ኢግል ክሪክ ላይ ጠረጴዛና መጸዳጃ ያለው የካምፕ ቦታ ሠራ፤ የዘመናዊው ካምፕ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ኤሚሊዮ ማይነኬ የተባለው የዕፅዋት በሽታ ሊቅ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግዙፎቹ ዛፎች ለምን እንደሚደክሙ ሲመረምር ጎማና ጫማ አፈሩን እንደሚደለድለው፣ ሥሩም እንደሚታፈን አየ። በ1932 ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት መንገድ፣ ከመንገዱ የምትወጣ አጭር መቆሚያ፣ ዳሯ ላይ መኪናውን የሚያግድ ድንጋይ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የካምፕ ቦታዎች ስትገቡ የምትነዱት በሱ ንድፍ ላይ ነው። በሩዝቬልት ዘመን ሥራ አጥ ወጣቶች ከ1933 እስከ 1942 በየደኑ ሠሩት።

ከካምፕ ቦታ ውጭ የሆነው፣ «የተበታተነ» የሚባለው አዳርም የተወለደው ያኔ ይመስለኛል። የተሰበሰበ ሰፈር ከመኖሩ በፊት የተበታተነ የሚባል ሊኖር አይችልም።

የተሰበሰበው ሰፈር ለሁሉም እኩል እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። ከእኛ ማዶ ባለው በሸናንዶአ ፓርክ በ1939 የተከፈተው ሉዊስ ማውንቴን ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ሰፈር ነበር፤ መለያየቱ እስኪቀር እስከ 1950 ቆየ። እንደኔ ያለ ሰው ያኔ በዚህ ቢያልፍ የት እንደሚያድር የሚነግረው ምልክት ነበረለት።

ለነፃው አዳር ጥበቃ የሚመስል ነገር የተጻፈው በ2004 ነው። ስለ መዝናኛ ክፍያ የወጣው ሕግ አነስተኛው መሠረታዊ አገልግሎት ባልተሟላበት ያልለማ ቦታ ለካምፕ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። መጸዳጃም ጠረጴዛም ካልሰጡህ ማስከፈል የለም። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ደንብ መጣ፦ መኪና የሚነዳው በካርታ በተመለከተ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ቦታ ፈላጊው መጀመር ያለበት ከዚያ ካርታ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተራራና ሸለቆ አይታይበትም፤ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም። የሚሰጠው ግን በነፃ ነው። መንገዱን ተከትሎ ጎንና ጎን ነጠብጣብ ካያችሁ በመኪና ትንሽ ገባ ብሎ ማደር ይቻላል ማለት ነው፤ ርቀቱን ሠንጠረዡ ይናገራል። ነጠብጣብ የሌለው መንገድ ላይ ደግሞ መኪናን ዳር አቁሞ ድንኳንን ተሸክሞ መግባት አለ። ስልክ ላይ የሚታዩት ውብ ፎቶዎች ይህን አይነግሩም። ከመነሳት በፊት ለወረዳው የደን ጽሕፈት ቤት መደወል ከፎቶው ይሻላል፤ መንገድ በጎርፍ መዘጋቱን፣ እሳት መታገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቆይታው ጣሪያ በብዙ ደኖች 14 ቀን ነው። ከውሃ 60 ሜትር ያህል መራቅ፣ ሌላው ያነደደበትን የድንጋይ ክብ መጠቀም፣ መጸዳጃ ጉድጓድን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መቆፈር የተለመደ ነው። ቨርጂኒያ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ጫካ አጠገብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ክፍት እሳት አታስነድድም። ቡና ለማፍላት የሚቸኩል የጋዝ ምድጃ ይያዝ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደርም፤ ድብ አለ።

ቦታው እየጠበበ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ወደ ተራራ ካወጣ በኋላ ኮሎራዶ ውስጥ ክረስትድ ቢዩት አካባቢ ያሉ ሸለቆዎች ቁጥር በተሰጣቸው ቦታዎች ብቻ እንዲታደርባቸው ተወሰነ። የማይነኬ ድንጋይ ዘጠና ዓመት ገደማ ቆይቶ እዚያ ደረሰ። ባደረሱት ላይም አልፈርድም፤ የመጸዳጃ ወረቀት በየቁጥቋጦው ሥር ሲነጣ ያየ ሰው ይገባዋል።

አጎቴ በመጨረሻ ወርደው ከእኛ ጋር አደሩ። ሲነጋ ድንኳኑ ባዶ ነበር። ሽቅብ መቶ ሜትር ያህል ወጥቼ ሳገኛቸው በሙጃ በተዋጠ የድንጋይ ካብ አጠገብ ቆመዋል። ከካቡ ወዲያ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ሰው የተከላቸው ቢጫ አበቦች በመደዳ ፈክተዋል። ካቡን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና «ይኼውልህ ባለቤቱ» አሉኝ።