ከላሊበላ ፍልፍል እስከ ዲጂታል ናሙና

የዛሬውን ርእስ የምጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከላሊበላ ነው። የ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ጠራቢዎች ከዐለቱ እየቀነሱ ስለሠሩ፣ የሳተ ምት አይመለስላቸውም ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመራው መፈልፈያ ማሽንም የሚሠራው በመቀነስ ነው፤ የ3ዲ ማተሚያው ግን እንደ ሸክላ ሠሪዋ እየደራረበ ይጨምራል። አዲሱ ነገር ስሕተትን አስቀድሞ በስክሪን ላይ ማየት መቻሉ ነው።

ይሁንና ስክሪን የአፈርን እርጥበትም ሆነ የግንበኛን እጅ አያሳይም። ሙሉ መጠን ያለው ናሙና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተጀመረው የልደታው ትምህርት ቤታችን፣ በ2010ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር በመተባበር ባለ ሁለት ፎቅ የአፈር ቤት በግቢው ሠርቷል። የወለሉን ቅስት ክብደት ስሌት ይተነብየዋል፤ የሚያረጋግጠው ግን በላዩ የቆመ ሰው ነው።

በቦሌ ቡልቡላና በመሰል ሰፈሮች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንድ ንድፍ ሲደጋገሙ፣ በንድፉ ውስጥ የተደበቀ ስሕተትም አብሮ ይደጋገማል። ስለዚህ አንድ ናሙና ማቆምና መፈተን ብዙ ቤተሰብን ከሚነካ ጥፋት ያድናል። ማሽኑን ከውጭ ልንገዛው እንችላለን፤ ናሙናውን ግን በራሳችን አፈር፣ በራሳችን እጅ ልንፈትነው ይገባል።