ስለ የካ ዋሻ ሚካኤል አጠባበቅ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ በየካ ኮረብታ ላይ፥ የቀድሞ ሰዎች ዐለቱን በመሮ ፈልፍለው ያነጹት ዋሻ ሚካኤል የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአፈ ታሪክ የአብርሃና የአጽብሓ ሥራ ነው ይባላል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ወደ 12ኛውና ወደ 13ኛው መቶ ዓመት ያቀርቡታል። የትኛውም ቢሆን፥ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ እጅግ ይቀድማል።

ይሁን እንጂ ጣራው ወድቋል። ጣራ የሌለው ውቅር ቤት ዝናብ ይገባበታል፤ የዛፍም ሥር በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። እንግዲህ ይህን ያየ ቅን ሰው ሁሉ፥ «ሲሚንቶ ይለሰን፥ የጎደለውም ይሞላ» ማለቱ አይቀርም። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ጉዳት አለበት። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ለስላሳ ድንጋይ ውኃ እንደሚጠጣ ሁሉ መልሶ መትፋት ይገባዋል። ጠንካራ ሲሚንቶ ከለበሰ ግን እርጥበቱ ከውስጥ ይታገዳል፥ ጨውም ይጠራቀማል፥ ድንጋዩም ከልስኑ በስተኋላ ይፈረፈራል። በጀሶ የተቀረጸ ምስልም ከራሱ በጠነከረ ነገር ቢጠገን እንዲሁ ይጎዳል።

ለዚህ ላሊበላ ምስክር ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በተደረገው ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ቅቡን ለማስለቀቅ ብዙ ደከመ። በ2000 ዓ.ም. ዝናብን ይከላከሉ ዘንድ የተተከሉት ታላላቅ መጠለያዎችም ቆይተው ለሕዝቡ ሥጋት ሆኑ።

ስለዚህ በየካ ሊቀድም የሚገባው ትሑት ሥራ ነው፤ እርሱም የጎርፉን መንገድ ማራቅ፥ የዛፉን ሥር ሳይነቅሉ ቆርጦ ማድረቅ፥ እያንዳንዱን ግድግዳና ዓምድ ለክቶ መሣል፥ የሚንገዳገደውንም ከድንጋዩ በለሰለሰ የኖራ ምርጊት መያዝ ነው። አዲስ የሚጨመረውም ሁሉ ከአሮጌው ተለይቶ የሚታወቅና ሲያስፈልግ ያለ ጉዳት የሚነሣ ይሁን።

«ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት እንጂ የሙዚየም ዕቃ አይደለችም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ለጸሎት አዲስ ሕንፃ ማነጽ ይቻላል፤ የቀድሞው ጠራቢ የመሮ ምልክት ግን አንድ ጊዜ ከተለሰነ ወይም ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።